ከታች ቀስ ብሎ የሚወጣው ሳጥን

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

እጅግ በጣም ሩህሩህ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው በአላህ ስም።

ለወንድሜ ለሂሻም፣ ሻርጃ። አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ሲሳይህን ያስፋልህ፣ በሄድክበት ይጠብቅህ፣ የሰው እጅ አያሳይህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናቴም ሰላም ብላሃለች። ወንድሜ የምልህ የአጎቴ ልጅ ስለሆንክ ብቻ አይደለም፤ ገራዶ እናቴ ቤት ከአንድ ትሪ በልተን ስላደግን ነው።

ስልክ ብደውል አያነሱም ብለህ ለሙዓዝ ነግረኸዋል። እውነትህን ነው። እናቴ ስልክ ትታለች፤ የላክህላት ስልክ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኔትወርኩም እንደምታውቀው ነው። ስለዚህ በወረቀት እንጻጻፍ። ሙዓዝ ለዕቃ ወደ ሻርጃ ስለሚመላለስ ያደርስልናል። በኮምፒውተር እንዳታትመው አደራ፤ በእጅህ ጻፈው፣ ፈርምበትም። እናቴ ሂሻም በእጁ የጻፈው ነው ስላት ደስ ይላታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኔ እዚያው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት መርማሪ እንደሆንኩ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጨርቅ በመብራት ፊት ሲያልፍ ቆሜ እንከን ስፈልግ ወገቤ አለቀ። ደሴ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የስልክ መተግበሪያ ንድፍ ያስተምራሉ ሲሉኝ ተመዘገብኩ። መምህሩ ስልኩ አንድ ነገር ሊጠይቀን ሲል ብቅ የሚለውን ሳጥን፣ ያንን «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለውን፣ ንደፉ ብሎ አዘዘን። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍ፣ «ደሴ ላለው የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ መተግበሪያ የሠራው ወንድሜ ነው» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። እንግዲህ አታሳፍረኝ። ሳጥኖቹን እንዴት እንደሠራሃቸው፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሃቸው ከሥር ከመሠረቱ ጻፍልኝ። ገንዘብ አልጠየቅሁህም፤ ይህን ብቻ ነው የምፈልገው።

እህትህ ሳሊሃ

ሻርጃ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እህቴ ሳሊሃ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የለመንሽውን ይስጥሽ።

ሙዓዝ ፖስታውን ሲሰጠኝ ሰው የሞተ መስሎኝ እዚያው ቆሜ ቀደድኩት። በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል? አንብቤ ስጨርስ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። እስክሪብቶ ከያዝኩ ስንት ዓመቴ መሰለሽ፤ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አፉ በይኝ።

እማ ነጂባ እንዴት ናቸው? ዓይናቸውስ? ሐምሌ ላይ ቀዶ ሕክምናው ይሠራላቸዋል ብለሽኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልሰማሁም። በሙዓዝ እጅ የሶላት ልብስ ልኬላቸዋለሁ፤ ቀለሙን እኔው ነኝ የመረጥኩት።

እሺ፣ አሁን ስሚ። እኛ ዲያሎግ ቦክስ የምንለው ያ ሳጥን ሰው ሥራውን ሲሠራ መሃል ገብቶ የሚያቋርጥ ነው፤ ስለዚህ አገባቡን ማወቅ አለበት። ጀማሪ ሠራተኛ ድንገት ድቅን ያደርገዋል። ሰው ይደነግጣል፣ ሌላ ነገር ሊነካ የወረደ ጣትም ሳጥኑ ላይ ያርፋል። የኔ ሳጥን ከስክሪኑ ግርጌ ይነሳል። ሩብ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከዚያ ካነሰ ብልጭ ብሎ ያስደነግጣል፣ ከበዛ ደግሞ ያሰለቻል። ሲነሳ ፈጠን ይላል፣ ቦታው ሊደርስ ሲል ቀስ ይላል፣ ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ሲል እንደሚያደርገው። ከኋላው ያለው ገጽ በዚያው ቅጽበት ይደበዝዛል፣ ዓይን ወዲያ ወዲህ እንዳይል። ሲሄድም በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይወርዳል።

ከሁሉም በላይ ግን ወጥነት ነው። ይህን ለመምህርሽ ንገሪው። መጀመሪያ ስሠራው አሥራ አንድ ሳጥን ነበረው። አሥራ አንዱም ከታች ይወጣሉ፣ አሥራ አንዱም ሩብ ሰከንድ ይፈጅባቸዋል፣ በሁሉም ላይ በቀኝ ያለው አረንጓዴ «አዎ» ነው፣ በግራ ያለው ግራጫ «አይ» ነው። አንዱን የለመደ ሰው ሁሉን ለመደ ማለት ነው። ለዚህ ሥራዬ መሥሪያ ቤቴ ሰርተፍኬት ሰጥቶኛል፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የሚያሳዩት የኔን ሳጥን ነው። ጉራ እንዳይመስልሽ እንጂ እዚህ ብዙ ሰው አይችለውም።

ሌላ ወሬ፣ ዘንድሮ ኢንሻአላህ ሐጅ ልሄድ ተመዝግቤያለሁ። እማ ነጂባ ዱዓ ያድርጉልኝ።

ወንድምሽ ሂሻም በሺር (ይኸው ፈረምኩ)

ኮምቦልቻ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሂሻም፣ የአላህ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። ያሰብከውን ሐጅ አላህ ያግራልህ።

የሶላት ልብሱ ደርሷል። እናቴ በእጇ ዳበሰችው፣ ደጋግማ ዳበሰችውና «ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ልጄ አውቆበታል» አለች። ዱዓም አድርጋልሃለች፤ ለኔ ከምታደርገው የረዘመ ዱዓ ነው ያደረገችልህ።

የጻፍክልኝን ለመምህሩ አሳየሁት፣ ወደደው። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በኛ ሥራ ማሽኑ ላይ አንድ መርፌ ከተጣመመ እንከኑ ከጥቅሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ ይሄዳል። ያም ወጥ ነው፤ ግን ጨርቁን እጥለዋለሁ። እናም ልጠይቅህ። ሰኔ ላይ መተግበሪያው ሲታደስ «ቀጠሮዎን ይሰርዛሉ?» የሚል አዲስ ሳጥን ተጨምሯል ይላሉ። እሱም ከታች ነው የሚወጣው? አረንጓዴው «አዎ» በሱም ላይ በቀኝ ነው? እንደዚያ ይሁን ያለው ማነው? አይሆንም ያለህ ሰውስ ነበረ? መምህሩ ውሳኔው እንዴት እንደተወሰነ ጭምር አምጪ ብሎኛል፤ ስም ካለም በስሙ።

ተራ ወረቀት ብዬ የምጥለው እንዳይመስልህ፣ የጻፍክልኝን ሁሉ በክብር አስቀምጬዋለሁ።

ሳሊሃ

ሻርጃ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። ረመዳን ከሪም። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።

መጀመሪያ ወቀሳ አለኝ። ስለ እማ ነጂባ ዓይን ጠይቄሽ ዝም ብለሽ አለፍሽው። ጨርቁን ዳበሱት አልሽኝ እንጂ ቀለሙን ወደዱት አላልሽኝም። ፎቶም ላኪልኝ ብዬ በሙዓዝ በኩል ለምኜሽ ነበር። ምን እየደበቅሽኝ ነው? ጾም ላይ ሆኜ ልቤ እየፈራ ነው። ለሕክምና ገንዘብ ካስፈለገ በአላህ ይሁንብሽ ንገሪኝ።

ስለ ሳጥኑ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ እሱ አሥራ ሁለተኛው ነው። ቀጠሮ ይዘው የሚቀሩ ሰዎች ክሊኒኩን አስቸገሩ፤ የማይመጣ ሰው አስቀድሞ ይሰርዝ፣ ተራውም ለሌላ ይሰጥ አሉኝ። በየሳምንቱ «በቀጠሮዎ ይመጣሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን ነበረ። እሱን ቀድቼ ጽሑፉን ብቻ ቀይሬ «ቀጠሮዎን ይሰርዛሉ?» አልኩት፤ ቀጠሮው ሲቃረብ በፊተኛው ፋንታ ይህ ይወጣል። አመጣጡን፣ ቀለሙን፣ ቦታውን አልነካሁትም። የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

አይሆንም ያለች ሰውም ነበረች። የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ሱሀይላ ትባላለች። ሁለት ጊዜ ጻፈችልኝ። «እዚህ የሚመጡት ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ፊደል አልቆጠሩም። ሳጥኑን የሚያውቁት በአመጣጡና በቦታው ነው። መሰረዣው በሌላ በኩል ይምጣ፣ ቀይ ይሁን» አለችኝ። እኔም ወጥነቱ ይበላሻል፣ ሰው ያንብብ ብዬ መለስኩላት። እውነቱን ለመናገር ስቄባታለሁ፣ እንግዳ ተቀባይ ንድፍ ልታስተምረኝ ነው ብዬ። መምህርሽም ሲሰማ ይስቅ ይሆናል።

ስለ እማ ነጂባ ዛሬውኑ ጻፊልኝ።

ሂሻም በሺር

ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ሂሻም። ኢድ ሙባረክ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን መልካም ምኞት አይደለም።

የቅዳሜ ትምህርት የለም፤ መምህርም የለም። የፈለግሁት ያንተን የእጅ ጽሑፍ ነው። ሱሀይላን ኅዳር ላይ አግኝቻታለሁ፤ የጻፈችልህንም የመለስክላትንም በስልኳ አሳይታኛለች። ነገ «እኔ አላልኩም» እንዳትለኝ በእጅህ እንድትጽፈው፣ እንድትፈርምበት አደረግሁህ። አንተም ጻፍከው። እየሳቅህ ጻፍከው።

ስለ እናቴ ዓይን ጠይቀኸኝ ነበር፣ ይኸው ልመልስልህ። ግራው ድሮ እንደጠፋ ታውቃለህ። ቀኙን የዓይን ግፊት ይዞት ነበርና ከአዲስ አበባ በየአራት ወሩ የሚመጣው ሐኪም ሐምሌ 11 ቀን ሊሠራላት ተራ ያዝን። እሷ ገራዶ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ስለዚህ ስልኩን አስተማርኳት። «እማ፣ ከታች ቀስ ብሎ የሚወጣ ሳጥን ካየሽ በቀጠሮሽ ትመጫለሽ ወይ እያለሽ ነው፤ በቀኝ በኩል ያለውን አረንጓዴ ንኪው» አልኳት። ፊደል ባታውቅም አረንጓዴው እንደ ጥላ ይታያት ነበር፤ ሳጥኑ ሲነሳም ታውቀዋለች። አራት ሳምንት በትክክል ነካችው። በአምስተኛው ያንተ አሥራ ሁለተኛ ሳጥን መጣ። በዚያው በኩል፣ በዚያው ቀስታ መጣ፤ አረንጓዴውም እዚያው ቦታው ላይ ነበር። ነካችውና ደወለችልኝ። «ነክቻለሁ ልጄ፣ ረሳች ብለሽ እንዳታስቢ» አለችኝ።

በቀኑ ይዣት ስሄድ ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሐኪሙ ኅዳር ላይ ሲመለስ አያትና ነርቩ ሞቷል አለን። አሁን ቀኑና ሌሊቱ አይለይላትም። ወደ ኮምቦልቻ አምጥቻት ከኔ ጋር ነው የምትኖረው።

ምን እንደምትል ታውቃለህ? «ጣቴ ነው ያጠፋው» ትላለች። ተስቢህ በጣቶቿ ስትቆጥር የቀኝ አመልካች ጣቷን ትዘልላታለች። ሳጥኑን የሠራኸው አንተ እንደሆንክ አታውቅም። ከሶላት በኋላ ስምህን እየጠራች ዱዓ ስታደርግልህ ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ።

ሰው ያንብብ አልክ። ያሳደገችህ ሴት ማንበብ እንደማትችል አታውቅም ነበር? የትምህርት ቤት ካርድህን ገልብጣ ይዛ «ጎበዝ» ስትልህ አብረን እንስቅ አልነበረም? ጠላሁህ ሂሻም። ከኅዳር ጀምሮ አንድም ቀን ሳልጠላህ አላደርኩም፤ ሰላምታዬን ሁሉ የጻፍኩት እየጠላሁህ ነው።

ሳሊሃ

ሻርጃ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሳሊሃ፣

ሙዓዝን መጠበቅ አቅቶኝ በሌላ መንገደኛ ነው የላክሁት። አራት ሐኪም ጠየቅሁ። ህንድ ልውሰዳቸው፣ ቱርክ ልውሰዳቸው አልኩ። ነርቭ ከሞተ አይመለስም አሉኝ፣ አራቱም። ያለኝን ሁሉ ልላክልሽ፤ ሠራተኛ ይቀጠርላቸው፣ ደሴ ጥሩ ቤት ይከራይላቸው። ንገሪኝ ብቻ፣ የምትይውን አደርጋለሁ።

ወጥነት ማለት መልክ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሳጥኑ አንድ ዓይነት ይሁን ስል ጥያቄውን መገልበጤን አላየሁትም። ይህን ስጽፍልሽ ራሴን ለማዳን አይደለም።

ግንቦት 18 ቀን ለሐጅ እነሳለሁ። ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሰው አፉ ሳያስብል እንደማይነሳ ታውቂያለሽ። በዚህ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወረቀት አለች፣ አንብቢላቸው። «እማ ነጂባ፣ በማውቀውም በማላውቀውም ያስቀየምኩዎትን ሁሉ ለአላህ ብለው አፉ ይበሉኝ» ትላለች። ሌላውን ግን አትንገሪያቸው። ያደረግሁት እኔ መሆኔን ቢሰሙ ልባቸው ይሰበራል።

ሂሻም

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሂሻም፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ወረቀቷን አነበብኩላት። «ምን አጥፍቶብኝ ነው ልጄን? አፉ ብየዋለሁ፣ በሰላም ይሂድ» አለች። ደስ እንዳይልህ። የማታውቀውን በደል አፉ አትልም። ሰው ሳያውቅ የነካውን አረንጓዴ «አዎ ብሏል» ብላችሁ ተራውን ወስዳችሁበታል፤ አሁን ደግሞ አፉታውንም በዚያው መንገድ ልትወስድባት ነው። በኔ በኩል አያልፍም።

ገንዘብህን አልፈልገውም። የደብዳቤዎችህን ቅጂ ለክሊኒኩ ሰጥቼ ሳጥኑን አስቀይሬዋለሁ። አሁን መሰረዣው ከላይ ነው የሚመጣው፣ ቀይ ነው፣ ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊትም ሱሀይላ ደውላ ትጠይቃለች። ለመሥሪያ ቤትህም ልልክ ነበር፣ ፖስታው ላይ አድራሻውን ሁሉ ጽፌ ነበር። ተውኩት። ከሥራ ቢያባርሩህ ሌላ ሥራ ታገኛለህ፤ ያ ለኔ ትንሽ ነው።

እኔ የምፈልገው ራስህ እንድትነግራት ነው። ምን እንደሠራህ፣ ማን እንዳስጠነቀቀህ፣ ምን ብለህ እንደሳቅህ ጻፍላት። ላልተማረ ሰው እንዲገባው አድርገህ ጻፈው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ። ፊቷ ምን እንደሚመስል አንዲት ነገር ሳላስቀር እጽፍልሃለሁ፤ ይህን ቀን ስድስት ወር ሙሉ ጠብቄዋለሁ። ካልጻፍክላት ሂድ፣ ካዕባን ዙር፣ አረፋ ላይም ቁም፤ አፉ እንዳልተባልክ ግን ታውቀዋለህ።

ሳሊሃ

ሻርጃ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእማ ነጂባ። ጉልበትዎን እስማለሁ። አላህ ጤናዎን ይስጥዎት፣ በጀነት ይካስዎት።

እማ፣ ይህን ሳሊሃ ስታነብልዎ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። በየሳምንቱ ደጅዎን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ነበረ እንበል። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አንኳኩቶ «ይመጣሉ?» ይልዎታል፣ እርስዎም «አዎ» ይሉታል። አንድ ቀን ያው ሰው እንደ ወትሮው አንኳኳና በማያውቁት ቋንቋ «ይቅርብዎ?» አለዎት። እርስዎ እንደለመዱት «አዎ» አሉት። በዚህ የተነሳ ተራዎ ለሌላ ተሰጠ፣ ዓይንዎም ጠፋ። ያንን ሰው ወደ ደጅዎ የላክሁት እኔ ነኝ። በስልኩ ላይ የሚወጣውን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ ሰው ይጎዳል ብላ ሁለት ጊዜ ነግራኝ ነበር። አልሰማኋትም። ሳቅሁባት።

ጥፋቱ የጣትዎ አይደለም። ጣትዎ የተማረውን ነው ያደረገው። አፉ ይበሉኝ ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ግን ሌላ የምለው የለኝም።

ልጅዎ ሂሻም

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሂሻም፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ፊቷን እጽፍልሃለሁ ብዬህ ነበር፣ ልጻፍልህ።

ሐሙስ ዕለት ከዙሁር በኋላ አስቀመጥኳትና አነበብኩላት። ቀስ ብዬ፣ ሱሀይላ ነግራህ የሳቅህበት ጋ ስደርስ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩት። ፊቷ አልተለወጠም። ስጨርስ «ጥፋቱ የጣትዎ አይደለም የሚለውን ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። ሦስተኛም አስደገመችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አለቀሰች። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ትንሽም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም። አሁን ትረግመዋለች ብዬ ቁጭ አልኩ።

«አፉ ብየዋለሁ» አለች። «ልጅ ነው፣ ስቷል። ይሂድ፣ አላህ ሐጁን ይቀበለው። በይ ጻፊለት።»

ብዕር ላነሳ ስል «ሳሊሃ» ብላ ጠራችኝ። «ይህን ነገር አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ኅዳር ላይ» አልኳት። ውሸት አልመጣልኝም።

ወሮቹን አንድ በአንድ ጠራቻቸው፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት። «ስድስት ወር ሙሉ ጣቴን ስረግም ከጎኔ ተኝተሽ እየሰማሽኝ ነበር?» አለችኝ።

እሱ በእጁ ጽፎ እንዲያምን ብዬ ነው እማ፣ ላንቺ ብዬ ነው አልኳት። «ለኔ አይደለም» አለች። «እሱ ሩቅ ሆኖ አላየኝም። አንቺ ግን ፊቴ ቁጭ ብለሽ እያየሽኝ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች፣ 'አንቺ አይደለሽም' የምትል። እሷን ከለከልሽኝ።»

ከዚያ ወዲህ ከአንዲት ቃል በቀር አላናገረችኝም። ያቀረብኩላትን አትበላም። በማግሥቱ ገራዶ ጎረቤታችን የነበረችውን ፈትሂያን አስጠርታ፣ ክንዷን ይዛ በሚኒባስ ወደ ገራዶ ተመለሰች። ልሸኛት ብል «በቃሽ» አለችኝ። ትናንት ሄጄ ደጁ ላይ ቆምኩ። ድምፄን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አፉ በይኝ አልኳት፣ ለአላህ ብለሽ አልኳት። ፊቷን አልመለሰችም።

እኔ አንተን አፉ አላልኩህም፤ እንዲህ ሆኖም አልልህም። ግን አሁን የምትሰማው ያንተን ቃል ብቻ ነው። ከመነሳትህ በፊት በፈትሂያ ስልክ ደውልላት። «ሳሊሃን አፉ ይበሏት» በልልኝ። ለምንልኝ ሂሻም።

ሳሊሃ